የቋንጃ ቆራጩ ክረምት

ቋንጃው የተቆረጠ በሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ነው። ዳለቻ በሬ ነበር፤ ትልቅ ሻኛ ያለው፣ ለእርሻ የተፈጠረ። ከብት ሲነሳ ከኋላው ነው የሚጀምረው። እሱም ኋላውን ሽቅብ ለማንሳት ይታገላል፣ ግራ እግሩ ይከዳዋል፣ ይወድቃል፤ ትንሽ ያርፍና እንደገና ይታገላል። ባለቤቱ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ አጠገቤ ቆሟል።

«ዶክተር፣ ይሰፋል?» አለኝ።

ዶክተር አልነበርኩም። የእንስሳት ጤና ሥልጠና ጨርሼ ገና የተመደብኩ ጎረምሳ ነበርኩ። እዚያ አገር ግን መርፌ የያዘ ሁሉ ዶክተር ነው። ቁስሉን በውሃ አጠብኩት። ከኋላ እግሩ መታጠፊያ ከፍ ብሎ ያለው ወፍራም ጅማት፣ ቋንጃው፣ በአንድ ምት ተበጥሷል። ሽቦ የቧጠጠው፣ ጅብ የነከሰው አይደለም። ስለት ነው፤ ያውም በደንብ የተሳለ።

«አይሰፋም፣» አልኩት።

ሰውየው ባርኔጣውን መልሶ አደረገ። «እንግዲያው ቢላዋ ላምጣ» ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። ለቅሶውን የሰማሁት ከውስጥ ነው።

መንደሯ ከአንገር ጉቲን ወጣ ብላ፣ ቆላው ውስጥ፣ በሁለት ወንዞች መሃል የተቀመጠች ናት። በበጋ ሁለቱንም ወንዞች ሱሪ ጠቅልሎ መሻገር ይቻላል። ከሰኔ ጀምሮ ግን ሁለቱም ይሞላሉ፤ ከመንደሯ በታች ይገናኛሉ፤ ከበላይ በኩል ያለው ረግረግ ደግሞ ከብት የሚውጥ ጭቃ ይሆናል። እስከ መስከረም የሚገባም የሚወጣም የለም። ስልክ የሚሠራው አንዲት ጉብታ ላይ ተቁሞ ነው፤ እሱም ዝናቡ ከፈቀደ። ነቀምቴ ያሉ የመሥሪያ ቤት ሰዎች መንደሯን በስሟ አይጠሯትም፣ «ደሴቷ» ነው የሚሏት። ስመደብ አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ደሴቷ ደረሰችህ? በል ጨውና ባትሪ አትርሳ» ብሎኝ ነበር።

ከነዋሪው ግማሹ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ነው፤ ግማሹ ኦሮምኛ ተናጋሪ የአገሩ ሰው። እድራቸው አንድ ነው፣ ደቧቸው አንድ ነው፤ በሬ የጎደለው ከሌላው ጋር ተቀናጅቶ ነው የሚያርሰው። እኔ ነቀምቴ ተወልጄ ያደግሁ ስለሆነ ሁለቱንም ቋንቋ እሰማለሁ። በዚያ ክረምት ይህ ነገር በረከት አልሆነልኝም። አንዱ ወገን በአማርኛ «እነሱ ናቸው» ሲል እሰማለሁ፤ ሌላው በኦሮምኛ «ራሳቸው ቆርጠው በእኛ ሊያላክኩ ነው» ሲል እሰማለሁ።

ምክንያቱም ዳለቻው በሬ የመጀመሪያው አልነበረም። ባለፈውም ክረምት እንዲሁ ሆኗል። ነገሩ የሚጀምረው ወንዞቹ ሲሞሉ ነው፤ ወንዞቹ ሲጎድሉ ያቆማል። ይህን ያስተዋሉ ሁሉ ትርጉሙ ገብቷቸዋል። ወንዙ ከሞላ ከውጭ የሚመጣ ሰው የለም። ስለዚህ ቋንጃ ቆራጩ ከእኛው ጋር አብሮ የሚበላ፣ አብሮ የሚጸልይ፣ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደራችሁ» የሚለን ሰው ነው።

በሬ የሌለው ሰው በሬ ማጣት ምን እንደሆነ አይገባው ይሆናል። በእርሻ ወቅት በሬውን ያጣ ገበሬ የዓመት እንጀራውን ነው ያጣው። ስለዚህ ሰዎች በሬዎቻቸውን ወደ መኖሪያ ቤታቸው አስገብተው አብረው መተኛት ጀመሩ። ማጭዱን በቀትር ደጁ ላይ የሚስል ሰው ቢኖር መንገደኛው ቆም ብሎ ያየዋል። መሳል ነውር ሆነ። ደቦ ቀረ። ሁለት ጎረቤታሞች ለዓመታት ሲዋዋሱት የኖሩትን መጥረቢያ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው «ለምንህ ነው?» ብሎት፣ ሁለቱም አፍረው ሲለያዩ በዓይኔ አይቻለሁ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው የሚደገፍበት ይፈልጋል። መንደሪቱ የተደገፈችው በሮንዱ አለቃ ነበር። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ከሰፋሪዎቹ ወገን የሆነ፣ ድምፀ መልካም ሰው ነው። የራሱ በሬ የለውም፤ የሰው መሬት በእኩል እያረሰ ይኖር ነበር። የመጀመሪያዎቹ በሬዎች ሲቆረጡ «እንጠብቅ» ብሎ ሮንዱን ያቋቋመው እሱ ነው። በመንደሯ ያለው አንድ ክላሽ በእሱ ትከሻ ላይ ነበር። በሬ ተቆረጠ በተባለ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው፣ ባለቤቱን የሚያጽናናው፣ ሰው ለምኖ የተጎጂውን ማሳ የሚያሳርሰው እሱ ነው። አሮጊቶች በየመንገዱ ይመርቁት ነበር። እኔም እወደው ነበር። ብቻዬን መሆኔን አይቶ የተጠበሰ በቆሎ እሸት ያመጣልኝ ነበር።

አሁን ስለ ቤት አከራዬ ልንገራችሁ።

የተከራየሁት ክፍል እሷ ግቢ ውስጥ ነበር። ወሎዬ ናት፤ በሰፈራው ጊዜ ልጃገረድ ሆና ከእናቷ ጋር የመጣች። አገሬዎቹ «ሃርሜ» ይሏታል፣ እናታችን እንደማለት። እኔ እትዬ እላት ነበር። መጀመሪያ ላይ «እርስዎ» ስላት ሳቀችብኝ፤ «እርስዎ ለመሥሪያ ቤት ነው፣ እዚህ አንቺ በለኝ» አለችኝ። ባሏን ወባ ገድሎባታል። በሞተ ዓመት እድርተኛው በደቦ አረሰላት። በዓመቱ ሊያርሱላት ሲመጡ ግን በሬዎቿን ራሷ ጠምዳ፣ እርፉን ጨብጣ፣ ማሳው መሃል አገኟት። ሴት ስታርስ ያየ ሰው በዚያ አገር አልነበረም። ሽማግሎች መጥተው፣ ሴት ያረሰችው መሬት ይመክናል ብለው መከሯት።

«መሬቱ እስካሁን ዘር እንጂ ሱሪ ጠይቆኝ አያውቅም» አለቻቸው።

በዚያ ዓመት ማሽላዋ ከአጥር በላይ ሆነ፤ ሽማግሎቹም ዳግመኛ አላነሱትም።

ጠዋት ጠዋት ስታርስ ቆሜ ማየት እወድ ነበር። ከሁለቱ በሬዎቿ አንዱ እቤቷ የተወለደ ነው። ሌላውን ከኦሮሞ ጎረቤቷ ነው ያገኘችው፤ እሱ ደግሞ በአማርኛ ቢጠሩት ጆሮውን እንኳ አያነሳም። ስለዚህ ትልሙ ጫፍ ደርሳ ስትመለስ አንዱን «ና!» ትለዋለች፣ ሌላውን «ኮቱ!» ትለዋለች፤ ሁለቱም እኩል ይዞራሉ። እጆቿ እንደ ወንድ እጅ የሻከሩ ነበሩ። እሷ ግን ስትራመድ እንኳ ድምፅ የማይሰማላት፣ ዝግ ያለች ሴት ናት። ለሮንዱ ሰዎች ንፍሮ የምትቀቅለውም እሷ ነበረች። ማንም አላዘዛትም።

ሐምሌ ላይ ሌላ በሬ ተቆረጠ። መንደሩ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። አለቃው ተነስቶ ጠባቂ እንዲጨመር፣ እያንዳንዱ ቤት ሰው እንዲሰጠው ጠየቀ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ያን ጊዜ እትዬ ከሴቶቹ መሃል ተነሳች።

«መጨመሩ ጥሩ ነው። ግን ማንም ጠባቂ ብቻውን አይዙር። ሁለት ሁለት ይሁኑ።»

«ጥሩ ብላለች» አለ አንድ አዛውንት።

«አለቃውም ጭምር» አለች።

አለቃው ሳቀ። «እትዬ፣ እኔንም ልታስጠብቂኝ ነው?»

«ማንንም አልጠረጠርኩም። ሁለት ሰው ግን አንዱ ለአንዱ ምስክር ነው። ነገ ሰው ክፉ ቢያወራብህ የሚመሰክርልህ ይኖራል።»

ፊቱ ላይ ያለው ሳቅ ሳይጠፋ ዓይኑ ብቻ ተቀየረ። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም፤ ያልኩት በኋላ ነው። ሐሳቧ ጸደቀ። ከዚያ ወዲህ ለሳምንታት አንድም በሬ አልተነካም። ሰዎች ሰላምታቸው ተመለሰ፤ በሬዎች ወደ በረታቸው ወጡ። እኔም ክፉው ነገር ያለፈ መሰለኝ።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሞቱ። የአገሩ ሰው፣ የጸሎት ቤቱ አዛውንት ነበሩ። ሁሉም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ለቀብር ወጣ። ከጠዋቱ ጀምሮ ጉም የቀላቀለ ካፊያ ይጥል ስለነበር አሥር ክንድ ርቆ የቆመው ሰው አይለይም። እትዬ ከማለዳ ጀምሮ ለቅሶ ቤት ስታገለግል ነበረች። በሬዎቿን ከማሳዋ ጫፍ አስራቸው ነበር የሄደችው፤ በቀን ማን ምን ያደርጋል ብላ።

ከቀብር ስንመለስ ኦሮምኛ የሚያውቀው በሬ ወድቆ አገኘነው።

አጠገቡ ተቀመጠች። ጭቃውን አልፈራችም። ጭንቅላቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ግንባሩን እያሻሸች በኦሮምኛ ታናግረዋለች። ምን እንደምትለው ልሰማ ጠጋ ስል ዝም አለች። ከዚያ ቀና ብላ፣

«ያመዋል?» አለችኝ።

«ያመዋል።»

«እንግዲያው ቶሎ ይሁን።»

ከለቅሶ ቤቱ ሰው ተጠርቶ ታረደ። ሥጋውን ሙሉውን ለለቅሶ ቤቱ ላከችው። «ሰው ሞቶባቸዋል፣ እንግዳ ይበዛባቸዋል» ነበር ያለችው። ስታለቅስ አላየኋትም። ባዶውን ቀንበር ተሸክማ ወደ ቤቷ ስትሄድ ግን ትከሻዋ አንድ ወገን አዘንብሎ ነበር።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ የሮንዱ አለቃ ወደ ክሊኒኬ መጣ። ክሊኒክ ማለቴ አንድ የቆርቆሮ ክፍል ነው። የቀኝ እጁን በሻሽ ጠቅልሎታል።

«ከአፋፉ ላይ ተንሸራተትኩ። እስቲ እሰርልኝ» አለ።

ሻሹን ፈታሁት። ከአንጓው ከፍ ብሎ ክንዱ አብጧል፣ ጠቁሯል። በጥቁረቱ መሃል ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ቅርጾች አሉ፤ እያንዳንዳቸው እንደ ግማሽ ጨረቃ። እኔ በሥራዬ ስንት ጊዜ ተረግጫለሁ። ጭኔ ላይ፣ ትከሻዬ ላይ ያን ማኅተም ይዤ ከርሜያለሁ። የበሬ ሰኮና ሲያርፍ እንዲህ ነው።

ቀና ስል ሲያየኝ አገኘሁት። ክላሹ ጉልበቱ ላይ ተጋድሟል።

«ዶክተር፣» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «አንተ የከብት ሐኪም ነህ። የሰው ቁስል ብዙም አይገባህም፣ አይደል?»

«አይገባኝም» አልኩት።

እጁን በደንብ አሰርኩለት። ሲወጣ አመሰገነኝ።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈው ማንም ሳይጠይቀኝ ነው፣ ግን ካልጻፍኩት የቀረው ሁሉ ውሸት ይሆናል። ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጠሁ። ወንዙ ሞልቷል፣ የምሸሽበት የለም። መንደሩ በሙሉ የሚመርቀውን ሰው ትናንት የመጣ ልጅ ቢከሰው ማን ያምነዋል? ደግሞስ ከአፋፍ ሲወድቅ ድንጋይ መትቶት ቢሆንስ? ድንጋይ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እትዬ በእነዚያ ቀናት እራት ስታቀርብልኝ ዓይኗን ማየት አቃተኝ። «አሞሃል እንዴ?» ስትለኝ «ወባ ሳይጀምረኝ አይቀርም» አልኳት። ሄዳ የነጭ ሽንኩርት ሾርባ ሠራችልኝ።

በአራተኛው ቀን ጩኸት ሰማሁ። ሰው ወደ ወንዙ ይሮጣል።

ከወንዙ ዳር አንድ ብቸኛ ሰው ይኖር ነበር። ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የአገሩ ሰው፣ ግን ከማንም ወገን ያልሆነ። ምላሱ ይተሳሰራል፤ ስለዚህ በሁለቱም ቋንቋ ብዙ አይናገርም። በቀብሩ ዕለት አልታየም ነበር። ዓሣ የሚበልትበት ስለታም ቢላ አለው። ይህ ብቻ በቃ። ስደርስ እጁን የፊጥኝ አስረው፣ ቢላዋውን መሬት ላይ ጥለው ከበውታል። ዱላ አርፎበት ከግንባሩ ደም ይወርዳል። ሊናገር ይሞክራል፣ ቃሉ አልወጣ ይለዋል፤ ዝምታውን እንደ ማመን ቆጠሩት። «ወንዙ ይውሰደው!» አለ አንዱ። ሌሎችም ተቀበሉት። ከሁለቱም ወገን ሰው ነበር። ክረምቱን ሲጠራጠሩ የከረሙት ሰዎች ያን ቀን አንድ ሆነው አየኋቸው። የሮንዱ አለቃ ከኋላ ቆሟል። አልጮኸም፣ አላዘዘም። ዝም ብሎ ያያል።

እትዬ በማሳው በኩል መጣች። ጅራፏን እንደያዘች፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ ሰውን በትከሻዋ እየከፈለች ገባች። ዓሣ አጥማጁ ፊት ቆመች።

«ዺሳ! ተዉት!» አለች፤ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ከዚያ በአማርኛ።

«ሃርሜ፣ ዞር በይ!» አለ አንድ ጎልማሳ። «በሬሽን የቆረጠው እሱ ነው!»

«አየኸው?»

ጎልማሳው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«የተቆረጠው የእኔ በሬ ነው» አለች። አልጮኸችም፤ ግን የወንዙ ድምፅ እንኳ አልሸፈናትም። «ተበዳይዋ እኔ ነኝ። እኔ አልከሰስኩትም። ከሳሽ ሳይኖር ፈራጅ ከየት መጣ?»

ነጠላዋን አውርዳ የሰውየውን ግንባር አሰረችለት። ከዚያ ጅራፏን መሬት ላይ ጥላ፣ ክንዱን በክንዷ ቆልፋ ቆመች። ከኋላቸው ቡናማው ውሃ ግንድ እያገላበጠ ይሄዳል።

«ወንዝ የምታስገቡት ከሆነ ሁለት ሆነን ነው የምንገባው። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ከእናንተ መሃል በዓይኑ ያየ፣ በእጁ የጨበጠው ነገር ያለ፣ አንድ ሰው ይናገር። ወላሂ እውነት ከሆነ እኔ ራሴ እለቀዋለሁ።»

ከዚያ በተራ ታያቸው ጀመር። አንድ በአንድ። «አንተ አይተሃል? አንተስ?» አንዱ አቀረቀረ፣ ሌላው ፊቱን አዞረ። እኔ ጋ ደረሰች።

«ዶክተር፣ አንተስ?»

ምንም አታውቅም ነበር። ሁሉንም እንደጠየቀችው ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን ከዚያ ሰው ሁሉ መሃል ያየሁ አንድ እኔ ነበርኩ። አለቃውን አላየሁትም፤ ባየው ኖሮ የምናገር አይመስለኝም። እሷን እያየሁ ነው የተናገርኩት።

«የአለቃው እጅ ይፈታ» አልኩ። «ያሰርኩት እኔ ነኝ። ከሥሩ ያለው የበሬ ሰኮና ነው።»

ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጥኖ ነበር የወጣው። አለቃው እጁን ወደ ክላሹ ሲሰድ የታሰረው እጁ አልታዘዝ አለው። ከእሱ ጋር ተጣምሮ የሚጠብቀው ሰው አጠገቡ ነበር፤ መሣሪያውን ያዘበት።

«በቀብሩ ቀን፣» አለ ያ ሰው ፊቱ አመድ መስሎ፣ «‘ወንዙን ቃኝቼ ልምጣ፣ አንተ ከሬሳው ጋር ሂድ’ ብሎኛል። እኔም ... እኔም አመንኩት።»

አንድ ሽማግሌ መጥተው የአለቃውን ሻሽ ፈቱት። በበሬ ተወልዶ በበሬ ያረጀ ገበሬ ያን ቅርጽ ለማወቅ ሐኪም አያስፈልገውም። ሽማግሌው ክንዱን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ እንደ ተሰባሪ ነገር ቀስ አድርገው ለቀቁት።

ይክዳል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልካደም።

«በሬ ያለው ሁሉ በሩን ዘግቶብኝ ነበር» አለ። «ስሜን እንኳ የሚጠራኝ አልነበረም። የመጀመሪያውን የቆረጥኩት በንዴት ነው። ከዚያ ሁላችሁም ‘ድረስልን’ ብላችሁ መጣችሁ። እኔን! ወንዙ ሲጎድል፣ ነገሩ ሲረሳ፣ እኔም አብሬ እረሳ ነበር።»

ከዚያ ሰው ሁሉ እንደ አንድ ወደ እሱ ተንቀሳቀሰ። እኔም ጭምር። አዎ፣ እኔም ድንጋይ ፈለግሁ። ሦስት ቀን የፈራሁትን ሁሉ በእሱ ላይ ልጥለው ነበር።

እሷ ግን እንደገና መሃል ገባች። ሰው ሊገባው አልቻለም። «እትዬ፣ አሁንማ አመነ!» ብለው ጮኹባት።

«አመነ። እንግዲያው ምን ቀራችሁ? ቅድም ንጹሕ ሰው ልትገድሉ ነበር። እጃችሁ ገና ከዚያ አልታጠበም» አለች። «ወንዙ ይጎድላል። ሕግ ይሻገራል። እስከዚያ ይጠበቅ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ።»

በዚያች ቅጽበት ጠላኋት ብል ውሸት አይሆንም። ትልቅነቷ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የመጀመሪያውን ሰው ማዳን ከባድ ነው፣ ግን ብዙ ደግ ሰው ያደርገዋል። ሁለተኛውን፣ በሬዋን የቆረጠባትን ሰው ከተቆጣ ሕዝብ ማዳን ግን ሌላ ነገር ነው።

መስከረም እስኪጠባ ሰውየው በቀበሌው መጋዘን ውስጥ ተቀመጠ። ምግብ በተራ ይገባለት ነበር። የእሷ ተራ ሲደርስ «ለእሱ አትሂጂ» ብላት፣ «ተራዬ ነው» ብላኝ ሄደች። ወንዙ ሲጎድል ፖሊስ ተሻገረ። ፍርድ ቤት ሁለታችንም መሰከርን። ዳኛው በሬውን ማን እንደቆረጠው ሲጠይቃት፣ «ሲቆርጠው አላየሁም። እኔ በሬዬን ያየሁት ወድቆ ነው» አለች። ዐቃቤ ሕጉ አንድ ቃል እንድትጨምር ያልጠየቃት መንገድ የለም፤ ካየችው በላይ አንዲት ቃል አልጨመረችም። ሰውየው በእኔ ምስክርነት፣ በባልደረባው ቃልና በራሱ ማመን ተፈረደበት።

ሚስቱና ልጆቹ ቀሩ። ከመንደሩ ይውጡ የሚል ሐሳብ ተነስቶ ከሁለቱም ወገን ሽማግሎች ተቀመጡ። እትዬ ሸንጎው ላይ አልተናገረችም። በነጋታው ጠዋት ግን የቀረላትን አንድ በሬ ነድታ፣ ከጎረቤቷ በሬ ጋር አቀናጅታ፣ የእስረኛው ሚስት በእኩል ወደያዘችው ማሳ ገባች። ማረስ ጀመረች። ከረፋዱ በኋላ አንድ ሰው በሬውን ይዞ መጣ። ቀትር ላይ አምስት ጥማድ ነበር። ዓሣ አጥማጁም ጎባጣ ማረሻ ይዞ ሲያግዝ ነበር፤ አጠቃቀሙን አያውቅበትም፣ ግን ማንም አልሳቀበትም። ሽማግሎቹ በዚያው ተነሱ፤ የሚፈርዱት ነገር አልቀረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዓመታት አለፉ፣ በጊዳ አያናና በዚያ ቆላ ሁሉ ከአንድ ቋንጃ ቆራጭ የሚብስ ክፉ ጊዜ መጣ። መንደሯ ተበተነች። ከዚያ ቀደም ብዬ ወደ ነቀምቴ ተዛውሬ ነበር። ስለ እትዬ ለሁለት ዓመት ያህል ወሬ አልሰማሁም፤ ሞታ ይሆናል ብዬ ለሚስቴ ነግሬያት አውቃለሁ።

ባለፈው ዓመት ነቀምቴ ገበያ ውስጥ አገኘኋት። ጎመን ትሸጣለች። ከአንዲት ገዢ ጋር በኦሮምኛ እየተሳሳቀች ትከራከራለች። ጸጉሯ ነጭቷል፤ እጆቿ ግን ያው ናቸው። ስታየኝ «ዶክተርዬ!» ብላ ተነስታ ሳመችኝ። ከከተማው ጫፍ ጅረት ዳር ቦታ ለምና ጎመንና ቃሪያ እንደምታለማ ነገረችኝ።

«ማረሱስ?» አልኳት።

«እዚህ በመቆፈሪያ ነው። መንገዱ ደህና ሲሆን እመለሳለሁ። ዓሣ አጥማጁ ቀድሞን ተመልሷል አሉ። ቤቴን እየጠበቀልኝ ነው።»

ለዓመታት የያዝኩትን ያን ጊዜ ነገርኳት። እጁን ያሰርኩት በቀብሩ ቀን አመሻሽ እንደሆነ፣ ሦስት ቀን ዝም እንዳልኩ፣ ቶሎ ብናገር ኖሮ ያ ምስኪን ሰው እንደማይደበደብ። ይቅርታ ጠየቅኋት።

ጎመኗን እያስተካከለች ሰማችኝ።

«ንፍሮውን የማቀርበው እኔ አልነበርኩ?» አለች። «በሬ በተቆረጠ ማግስት የእሱ ድርሻ ሳይበላ ይመለስ ነበር። ሁልጊዜ። ሁለት ሁለት ሁኑ ያልኩት ለዚያ ነው። ከዚያ በላይ ግን አልተናገርኩም። ንፍሮ አልበላም ተብሎ ሰው ይከሰሳል? ብሳሳትስ? እንዲህ እያልኩ በሬዬ ሄደ።» ቀና ብላ አየችኝና፣ «አንተ እሱን ፈርተህ፣ እኔ ስህተቴን ፈርቼ። አብሽር። ስትጠየቅ ተናግረሃል» አለችኝ።

ነገሩን በዚያ ጨረሰችው። የቀረውን ጎመን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ ነጠላዋን አጣፋች።

«በል ና። የቤት አከራዬ ጥጃ ሦስት ቀን አልበላ ብሏል። ፌስታል ሳይውጥ አይቀርም፤ የከተማ ከብት መከራው ይኸው ነው። መሣሪያህን ይዘሃል?»

አልያዝኩም ነበር። ባጃጅ ጠርቼ መሥሪያ ቤቴ ጋ ቆም አልንና ቦርሳዬን አነሳሁ። ጥጃው ጓሮ ውስጥ፣ ግንብ ተጠግቶ ተኝቷል። እትዬ ከፊቱ ተንበርክካ አፉን በሁለት እጇ ከፈተችልኝና፣ «እጅህን አስገባ፣ አይነክስህም፣ ይዤዋለሁ» አለችኝ።